የባከነ ዘንዶ፦ ስለ ፋንታሲ አንባቢ ቅሬታ የቀረበ ጥናት

የፋንታሲ ልብ ወለድ አንባቢን መጥፎ መጽሐፍ አያስከፋውም። መጥፎ መጽሐፍ ሲገጥመው ሃያ ገጽ ያህል ይታገስና ለማይወደው ዘመዱ ያወርሰዋል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። የሚያስከፋው ግሩም አጀማመር ያለው መጽሐፍ ነው። ተራራው ሥር የተኛው ዘንዶ አንድ ዐይኑን ሲገልጥ፣ ለዘመናት የተቆለፈው በር ከውስጥ ሲንኳኳ፣ እረኛው ልጅ መዳፉ ላይ የማያውቀውን ምልክት ሲያገኝ አንባቢው እራቱን ትቶ ይከተላል። ከስድስት መቶ ገጽ በኋላ ዘንዶው ተመልሶ ተኝቷል፤ በሩን የከፈተ የለም፤ እረኛው ግን ስለ ቀረጥ አሰባሰብ ከአማካሪዎቹ ጋር ሦስተኛ ስብሰባውን ጀምሯል። ይህ ጥናት የሚያተኩረው በዚያ ሰዓት መጽሐፉን ደረቱ ላይ ደፍቶ ጣሪያውን በሚያየው አንባቢ ላይ ነው።

ወሰኑን አስቀድሞ መግለጽ ይገባል። መነሻ ሐሳባቸው ከመጀመሪያውም ደካማ የሆኑ መጻሕፍት አልተካተቱም፤ የሌለ ሀብት አይባክንምና። ለናሙናነት የተመረጡት የዘመናችን ሥራዎች ሁሉ እጅግ ብዙ አንባቢ ያገኙ ናቸው፤ ደራሲዎቻቸውም ተሰጥኦ አይጎድላቸውም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተቀምጠዋል። በየምናባዊው ዓለም የዘመን አቆጣጠር ማስላት ለጥናቱ ክብር ይጨምር ነበር፤ አንባቢ ግን የሚያረጀው በዚህኛው ዓለም ስለሆነ ተትቷል።

መስኩ ባዶ አልነበረም። በኦክስፎርድ ተማሪ ሳለች የቶልኪንንና የሲ. ኤስ. ሉዊስን ትምህርት የተከታተለችው እንግሊዛዊቷ ደራሲ ዳያና ዊን ጆንስ፣ በ1996 የፋንታሲን ምድር በቱሪስት መመሪያ መልክ አዘጋጅታ አሳትማለች። በመመሪያዋ መሠረት ጎብኚው በየደረሰበት የሚቀርብለት ምግብ ያው አንድ ወጥ ነው። ፈረሶቹ ቀኑን ሙሉ ሳያርፉ፣ ሳያነክሱም ይጋልባሉ፤ ጆንስም እነዚህ እንስሳት የሚራቡት እንደ አበባ በብናኝ ሳይሆን አይቀርም የሚል መላምት አቅርባለች። መላምቱን ያስተባበለ አልተገኘም። (በየቀኑ ወጥ መብላት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ምን ነውር እንዳለው ላይታየው ይችላል። የጆንስ ክርክር ግን ወጥ ሰዓታት ስለሚፈጅ ጠላት ለሚያሳድደው መንገደኛ አይመችም ነው፤ ሽንኩርት አቁላልቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያረጋግጥላታል።) ይሁንና ጆንስ ያጠናችው አገሩን ነው። ከጉዞው ተመልሶ ገንዘቤ ይመለስልኝ የሚለውን ጎብኚ ለሌሎች ትታዋለች።

የቅሬታው ዋና ማዕድን ያለው በአሜሪካዊው ሮበርት ጆርዳን ሥራ ውስጥ ነው። በ1990 የተጀመረው “የጊዜ መንኮራኩር” ያነሣው መነሻ ሐሳብ፣ ያለ ማጋነን፣ በዘርፉ ከታዩት ምርጦች አንዱ ነው። ዓለምን የሚያሽከረክረው ኃይል የሴትና የወንድ የሚባል ሁለት ወገን አለው። ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት የወንዱ ወገን በጨለማው ጌታ ተመረዘ። ከዚያ ወዲህ ኃይሉን መጠቀም የቻለ ወንድ ሁሉ ያብዳል፤ ሴቶቹም እያደኑ ኃይሉን ይነጥቁታል። ችግሩ፣ ዓለምን ያድናል ተብሎ ትንቢት የተነገረለት ሰው ወንድ ነው። ሊያድናቸው የሚችለው ያው የሚያብደው ሰው ነው! አንባቢ እንዲህ ያለ ወሬ ሰምቶ እንዴት ይተኛል?

ዘጠነኛው ቅጽ በ2000 ወጣ። በመጨረሻዎቹ ገጾች ጀግናው ያንን የሦስት ሺህ ዓመት መርዝ ከኃይሉ ያጸዳል። የዚያ ዓለም ሕግ ከሥሩ ተለወጠ ማለት ነው። አንባቢው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለማየት ከሁለት ዓመት በላይ ጠብቆ በ2003 ዐሥረኛውን ቅጽ ተቀበለ፤ ከስድስት መቶ ገጽ በላይ ነው። በውስጡም ብዙ ገጸ ባሕርያት፣ በየከተማቸውና በየሰፈራቸው፣ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው እዚያ ማዶ ምን እየተደረገ ይሆን እያሉ ይገረማሉ። እዚያ ማዶ ምን እየተደረገ እንደሆነ አንባቢው ያውቃል፤ በዘጠነኛው ቅጽ አንብቦታል። ገጸ ባሕርያቱ ግን ዘጠነኛውን ቅጽ ስላላነበቡ ተራ በተራ ሲገረሙ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ተአምሩን የሠራው ጀግና ራሱ ብቅ የሚለው ለጥቂት ገጽ ነው። በተረፈ ገላ መታጠብ አለ፤ ሻይ አለ፤ የቀሚሶቹ ጥልፍም አንድም ሳይቀር በታማኝነት ተመዝግቧል።

ከዚሁ ሥራ ለመስኩ የሚያገለግል መለኪያ ማውጣት ተችሏል። ፔሪን የተባለው ባለ መጥረቢያ ጀግና ሚስቱ ፋኢል የምትማረክበት በስምንተኛው ቅጽ ፍጻሜ፣ በ1998 ነው። የሚያስመልሳት በዐሥራ አንደኛው ቅጽ፣ በ2005 ነው። በታሪኩ ውስጥ ያለፈው ጊዜ ከዚያ እጅግ ያንሳል፤ አንባቢው የጠበቀው ግን ሰባት ዓመት ነው። ፋኢል በተማረከች ሰሞን የተወለደ ሕፃን እሷ ስትፈታ ፊደል ቆጥሮ ጨርሷል። ስለዚህ ይህ ጥናት ሰባት ዓመትን አንድ ፋኢል ብሎ ይሰይማል፤ ከዚህ ወዲያ የሚጠቀስ የመጠባበቅ ዘመን ሁሉ በፋኢል ይሰላል።

ዋናው ግኝት ገና ነው። ያ ዐሥረኛ ቅጽ በኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ዝርዝር ላይ አንደኛ ወጣ። ቅር የተሰኘው ሕዝብ ቅሬታውን በሰፊው ካሰማ በኋላ ዐሥራ አንደኛውን ቅጽ ገዝቶ እሱንም አንደኛ አደረገው። ያልከፋው አንባቢ አንዱን አንብቦ ወደ ጉዳዩ ሊሄድ ይችላል፤ የከፋው ግን የትም አይሄድም። ጆርዳን በ2007 ታሪኩን ሳይጨርስ ሲያርፍ፣ ባለቤቱና አርታኢው ሃሪየት ማክዱጋል የቀረውን እንዲጽፍ የመረጠችው ብራንደን ሳንደርሰንን ነበር፤ የመጀመሪያውን ቅጽ በጉርምስናው አንብቦ ከተከታታዩ ጋር ያደገ አንባቢ ነው። በአንድ ቅጽ ያልቃል የተባለው መደምደሚያ በእሱ እጅ ሦስት ቅጽ ወጣው፤ በ2013 ተፈጸመ። ጠቅላላው ዐሥራ አራት ቅጽ፣ ከሦስት ፋኢል በላይ።

ብክነት ሁሉ በመዘግየት አይመጣም። ቴሪ ጉድካይንድ በ1999 ባሳተመው ተከታታይ አምስተኛ ቅጽ ላይ አስማት ከዓለም መጥፋት ይጀምራል፤ ከዚህ የከበደ መነሻ አይገኝም። ይህ ሁሉ ጥፋት ግን ገና ከመግቢያው የሚገለጠው በዶሮ ነው። ጀግናዋ ከዶሮው ጋር ፊት ለፊት ትፋጠጣለች፤ ደራሲውም ይህ ዶሮ እንዳልሆነ፣ የዶሮ መልክ የለበሰ ክፋት እንደሆነ በፍጹም ቁም ነገር ያስረዳል። ገብስማ ይሁን ቀይ እየተባለ ለጠንቋይ ሲታዘዝ የሰማ የአገራችን ሰው ዶሮና ክፉ መንፈስ መገናኘታቸው ላይደንቀው ይችላል። የምዕራቡ አንባቢ ግን እንዲህ ያለ ዝግጅት አልነበረውም። ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎም ስለዚያ ቅጽ ሲነሣ አስማቱ በምን ዘዴ እንደዳነ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ዶሮውን የረሳ ግን የለም።

የሃሪ ፖተር ጉዳይ የንብረት አያያዝ ጉዳይ ነው። ጄ. ኬ. ሮውሊንግ በ1999 ባወጣችው ሦስተኛ ቅጽ ላይ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ፣ በአንገት የሚንጠለጠል ትንሽ የአሸዋ ሰዓት አለ። ይህን መሣሪያ የያዘ የሞተን ማስመለስ፣ ጦርነትን ከመጀመሩ በፊት ማስቆም፣ ጨቋኙን ገና በእንቅልፍ ልቡ መያዝ ይችላል ብሎ አንባቢው ወዲያው አሰበ። ትምህርት ቤቱ ግን መሣሪያውን ሚኒስቴሩን አስፈቅዶ የሰጠው ለአንዲት ታዳጊ ተማሪ ነው፤ ምክንያቱም የክፍለ ጊዜ ሰሌዳዋ ተጋጨ። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ንጹሕ ሰውና አንድ ክንፍ ያለው እንስሳ ይድኑበታል፤ ልጅቷም አንዳንድ ትምህርት ስለተወች መሣሪያውን ትመልሳለች። በ2003 በወጣው አምስተኛ ቅጽ በሚኒስቴሩ ሕንፃ ውስጥ በተነሣ ግብግብ መሣሪያዎቹ የተቀመጡበት ቁም ሣጥን ይወድቃል፤ የመንግሥት ክምችት በሙሉ ይሰበራል። የአንድ አገር የጊዜ ሀብት በአንድ ቁም ሣጥን መቀመጡ ማንኛውንም ኦዲተር የሚያስጨንቅ ነው። በ2016 ለመድረክ በተዘጋጀው ስምንተኛ ታሪክ ላይ መሣሪያው እንደገና ተገኘ፤ በዚህኛው ጊዜ የታሪኩ ሁሉ መዘውር ሆነ። ስለባከነ ያዘነው አንባቢ አሁን ሥራ ላይ ስለዋለ አዘነ። ይህ ተቃርኖ በጥናቱ ወሰን ውስጥ ሊፈታ አልቻለም።

ስቲቨን ኪንግም አለ። “የጨለማው ግንብ” በ1982 ተጀምሮ በ2004 በሰባተኛው ቅጽ ተደመደመ፤ ሦስት ፋኢል ከአንድ ዓመት። ለዚያን ያህል ዘመን ስሙ ሲያስፈራ የኖረው ቀዩ ንጉሥ በመጨረሻ ሲገኝ ሰገነት ላይ ቆሞ ቦምብ የሚወረውር ሽማግሌ ነው። የሚጠፋውም በላጲስ ነው። መናገር የማይችል አንድ ሠዓሊ ልጅ ምስሉን ይሥላል፤ ከዚያ ያጠፋዋል፤ ዐይኖቹ ብቻ ይቀራሉ። ኪንግ ለፍትሐዊነት ሲባል ሊመሰገን ይገባል፤ ከመጨረሻው ክፍል በፊት አንባቢው እዚያው እንዲያቆም በግልጽ መክሯል። ሃያ ሁለት ዓመት የመጣ ሰው በር ላይ ሲደርስ ተመለስ ቢባል የሚመለስ ይመስል።

በ1996 የታተመው የጆርጅ አር. አር. ማርቲን የመጀመሪያ ቅጽ የሚከፈተው ከአንድ ግዙፍ ግንብ ማዶ፣ በረዶው ውስጥ በሚነሡ ሙታን ነው። ነገሥታቱ ለዙፋን ሲፋጁ ለዓመታት የሚዘልቅ ክረምት ከሰሜን ይመጣል፤ ይህ ስጋት በሁሉም ቅጽ ላይ ያንዣብባል። አምስተኛው ቅጽ በ2011 ወጣ። ስድስተኛው በ2025 መጨረሻ ሁለት ፋኢል ሞልቶትም አልወጣም። በመካከሉ የኤች ቢ ኦ ቴሌቪዥን ታሪኩን ቀድሞ ሄዶ በ2019 ዘጋው፤ የክረምቱ ጦርነትም በአንድ ክፍል፣ በ82 ደቂቃ አለቀ። ያ ክፍል ለመቀረጽ 55 ሌሊት ፈጅቷል፤ ከመጨለሙም የተነሣ ብዙ ተመልካች ማን ማንን እንደገደለ ለማየት መብራት አጠፋ፣ መጋረጃ ዘጋ። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራ ብሎ ፈረመ። በቀጣዩ ክፍል ንግሥቲቱ ፊት የዘመናችን የወረቀት የቡና ኩባያ ጠረጴዛው ላይ ተረስቶ ታየ፤ ጣቢያውም ቡናው በስሕተት የመጣ መሆኑን፣ ንግሥቲቱ ያዘዙት የቅጠል ሻይ እንደነበር በመግለጽ ይቅርታ ጠየቀ። የቡናው ምንጭ አገር አልተገለጸም።

በዚያው በ2011 ፓትሪክ ሮትፈስ ሁለተኛ ቅጹን አሳተመ። የታሪኩ አሠራር ውብ ነው፤ ስሙን ደብቆ ማደሪያ ቤት የሚያስተዳድር ጀግና የሕይወት ታሪኩን በሦስት ቀን ለመተረክ ከአንድ ጸሐፊ ጋር ይስማማል፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ቅጽ። ሁለቱ ቀን ተተርኳል። ተራኪውም ጸሐፊውም ከ2011 ጀምሮ በሁለተኛው ሌሊት ላይ ናቸው።

አሁን ወደ ምክንያቱ። የፋንታሲ መነሻ ሐሳብ ከሌላው ልብ ወለድ መነሻ የሚለየው፣ አንባቢው ላይ ሥራ መጣሉ ነው። ስለ ጋብቻና ውርስ የሚተርክ ልብ ወለድ ሲነበብ ቀጥሎ የሚመጣውን ማንም ከሠፈሩ ያውቀዋል። ወንዶቹን የሚያሳብድ አስማት ሲቀርብለት ግን አንባቢው ያን ዓለም ራሱ ገንብቶ መጨረስ አለበት፤ በታክሲ ውስጥ ይገነባል፣ ሥራ ቦታ ይገነባል፣ ሌሊት ይገነባል። በዚህ መንገድ የሚሠራው መጽሐፍ አርታኢ የለውም፤ የገጽ ገደብ የለውም፤ አሰልቺ ምዕራፍ ፈጽሞ አይገኝበትም። እውነተኛው ቅጽ ሲታተም የሚወዳደረው ከዚያ ጋር ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ለተላላ ሰው ነው፤ የፋንታሲ አንባቢ ግን ላሚቱን አልቧት፣ ወተቱን ለክቶ፣ ቅቤውን ንጦ ጨርሷል፤ ደራሲው ግማሽ ሊትር ይዞ ሲመጣ የቀረው የት ሄደ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የአገራችን ተረት ነጋሪ ይህን ዕዳ አስቀድሞ ያውቀው ይመስላል፤ ተረቱን ሲጨርስ እሱ ራሱ ለአድማጩ ተረቴን መልስልኝ ይላል። ቀድሞ ከሳሽ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ ቅሬታ በልብ ወለድ አልተጀመረም። በ1165 ገደማ በአውሮፓ አንድ ደብዳቤ ይዞር ጀመር፤ ለቢዛንታዩ ንጉሥ ማኑኤል የተጻፈ፣ ላኪውም ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ነኝ የሚል ነው። ሰባ ሁለት ነገሥታት ይገብሩለታል። ከገነት የሚወርድ ወንዝ የከበረ ድንጋይ ያመጣለታል። የጠጣውን ወጣት የሚያደርግ ምንጭ አለው፤ ግዛቱን ሁሉ የሚያሳይ መስተዋት አለው፤ በገበታው በየቀኑ ሠላሳ ሺህ ሰው ይበላል። እንደ መነሻ ሐሳብ እንከን አይወጣለትም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት እስክንድር 3ኛ በ1177 መልስ ጽፈው በሐኪማቸው እጅ ላኩ። ንጉሡ መጀመሪያ በእስያ ተፈለገ፣ አልተገኘም። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አገሩ ኢትዮጵያ እንደሆነ ተወሰነ።

በ1520 በሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራ የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ምጽዋ ወርዶ ወደ ደጋው ወጣ። ከደብዳቤው እስከዚህ ድረስ ሃምሳ ፋኢል አልፏል፤ በዘርፉ የተመዘገበ ረጅሙ ጥበቃ ነው። ያገኟቸው ወጣቱን ዐፄ ልብነ ድንግልን ነው፤ ከቦታ ወደ ቦታ በሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ውስጥ። ጾም ነበረ፤ ረጅም ቅዳሴ ነበረ፤ ከመጋረጃ ውጭ ብዙ መጠበቅ ነበረ። የወጣትነት ምንጭ አልነበረም። ቅሬታው ግን የአንድ ወገን አልነበረም፤ ከፖርቱጋል የተላከው ገጸ በረከት ዋናው ክፍል መንገድ ላይ በመቅረቱ ንጉሠ ነገሥቱም የመጣላቸውን አይተው ቅር ተሰኙ። ሁለቱም ወገን ስለ ሌላው የተሻለ ቅጽ አንብቦ ነበር።

በካምፑ ውስጥ ሌላ ፖርቱጋላዊም ተገኘ። ፔሮ ዳ ኮቪልያን በ1487 ቄሱን ንጉሥ ፍለጋ ከአገሩ ወጥቶ ኢትዮጵያ ሲደርስ ርስት ተሰጠው፣ ሚስት ተሰጠው፣ መውጫ ፈቃድ ግን አልተሰጠውም። ታሪኩ ውስጥ ሰምጦ መቅረት ለሚመኝ አንባቢ ከዚህ የተሟላ አብነት የለም።

ከቡድኑ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ቆይቶ ያየውን ጻፈ። በደብዳቤው ውስጥ ቃል ያልተገባለት አንድ ነገር አጋጥሞት ነበር፤ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አየ። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ ልጻፍ ብል የሚያምነኝ የለም ብሎ ፈርቶ፣ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሏል። ስለ ዕንቁ ወንዝ ማንንም ማሐላ ያልጠየቀው አውሮፓዊ አንባቢ በዐለት ቤተ ክርስቲያን ላይ ማሐላ አስፈለገው። መጽሐፉ በ1540 ሲታተም በርዕሱ ላይ የተቀመጠው ስም ያው የቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ ነው፤ አሳታሚዎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥራቸውን ያውቃሉ።

የመጨረሻው ናሙናም ከዚሁ አገር አይወጣም። የፖርቱጋላዊውን የኢየሱሳዊ ካህን የሎቦን የአቢሲኒያ ጉዞ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን፣ በ1759 እናቱ ሲሞቱ ለቀብሩ ወጪ “ራሴላስ”ን በጥቂት ምሽቶች ጻፈ። በአማርኛም አለ፤ የተረጎመው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ነው። ምድቡ ፋንታሲ ነው ወይ የሚለው ቢያከራክርም መነሻው አያከራክርም። የአቢሲኒያ ንጉሥ ልጆች በአማራ ምድር፣ በተራራ በታጠረ፣ በሩ በብረት በተዘጋ ሸለቆ ውስጥ ሁሉ ተሟልቶላቸው ይኖራሉ፤ መውጣት ግን አይችሉም። በሸለቆው ውስጥ የሚበርር ክንፍ የሠራ ጥበበኛ አለ! ገና በስድስተኛው ምዕራፍ ክንፉን አጥልቆ ከኮረብታ ይዘልላል። ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። ክንፉ በአየር ባይጠቅመውም ውኃው ላይ አንሳፈፈው፤ ልዑሉ ጎትቶ ያወጣዋል፤ የበረራው ነገር በዚያው ያበቃል። ልዑሉ ከእኅቱ ጋር ተራራውን ቀዳድዶ ካመለጠ በኋላ ወደ ካይሮ ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መጽሐፍ በአብዛኛው ምን ዓይነት ኑሮ ይሻላል የሚል ጨዋታ ነው። ጆንሰን የመጨረሻውን ምዕራፍ ርዕስ ሲሰጥ ምንም ነገር እንደማይደመደምበት እዚያው ርዕሱ ላይ አስታውቋል፤ ከሁለት መቶ አርባ አምስት ዓመት በኋላ ኪንግ ካደረገው የበለጠ ቀጥተኛነት ነው።

ጆንሰን ቀጣይ ክፍል ሊጽፍ አስቦ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ጆን ሆኪንስ በ1787 መስክሯል። ጆንሰን ግን ሳይጽፈው በ1784 ዐርፏል። ኤሊስ ኮርኔሊያ ናይት የተባለች አንባቢ ምስክርነቱን አይታ ሥራውን በራሷ እጅ አስገባች፤ “ዲናርባስ” የተባለ ቀጣይ መጽሐፍ በ1790 አሳትማ ልዑሉን አነገሠች፣ ዳረች፣ እኅቱንም ዳረች። ራሴላስ ለሠርጉ የጠበቀው አራት ፋኢል ከሦስት ዓመት ነው።